የተልእኮ ተማሪዋና የኦስካር ሞተር

የኦስካር ትቬትን ሬሳ እሑድ ጠዋት ከሸምበቆ ውስጥ አወጡት።

በአፍጢሙ ተደፍቷል። አንድ እግሩ ቦት ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ባዶ ነው። ግንባሩ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ጠቁሮ ይታያል። ጀልባው ደግሞ ከዚያ ርቃ፣ ከደሴቲቱ ጀርባ፣ ሳትገለበጥ፣ ውኃም ሳይገባባት ብቻዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች።

ሸሪፍ ኖርማን ብራተን ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። በዚህ ወረዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሕግ አስከብሯል። ሁለት እህቶች የሚባለው ሐይቅ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ሰው እንደሚበላ ያውቃል። ኦስካርን ይበላል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ኦስካር እዚሁ ዳርቻ ተወልዶ፣ እዚሁ ስድስት የእንጨት ቤቶች በእጁ ሠርቶ፣ ለበጋ እንግዶች እያከራየ ያረጀ ሰው ነው።

"ሞተሩ ነው የገደለው" አለ ሃልቮር ስቴንስሩድ፣ ሬሳውን በብርድ ልብስ እየሸፈነ።

ሃልቮር የሟቹ ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛ ነው። እንግዶችን እየመራ ዓሣ የሚያስጠምድ፣ የሐይቁን ድንጋይ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ፍለጋውን የመራው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ድምፁ ሰልሏል።

"እንዴት አወቅህ?" አለው ሸሪፉ።

"ሰማሁታ! ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ወዲያ ወዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ። በራፌ ላይ መንጠቆ ስቋጥር ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ከደሴቲቱ በኩል ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። ከዚያ ጸጥ። 'ይነሣል' ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ፣ ኖርማን!" ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሸሪፉ ተጎትታ የመጣችውን ጀልባ አየ። ከነዳጅ ጋኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ጫፉ ወልቆ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

"ይኸውልህ" አለ ሃልቮር ከጀርባው። "በደንብ አልተገጠመም። ሞተሩ ነዳጅ አጣ፣ ቆመ፤ ኦስካር ጎማውን ሊያነሣ ሲያጎነብስ ወደቀ። ማን እንደጠገነው ታውቃለህ?"

ኖርማን ያውቃል። አገሩ ሁሉ ያውቃል።

*

ሌምፒ ካንጋስ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አለቃ ነች። የሶልቪክ ከተማን ልጆች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንች ልጣ፣ ሥጋ ከትፋ አብልታለች። ባሏ ኤይኖ ሲሞት የማይነሡ ሞተሮች የታጨቁበት ጎጆ ትቶላት ሄደ። የሣር ማጨጃ፣ የግንድ መቁረጫ፣ የውኃ መሳቢያ፣ ሁሉም ዝም ያለ።

የሣር ማጨጃውን ወደ ዌንዴል ጋራዥ ወሰደችው። "ምኑን ነው ያመመው?" ብላ ጠየቀች።

"እሜቴ፣ ይኼ ድስት አይደለም" አላት ዌንዴል። "ብነግርሽም አይገባሽ።"

ሌምፒ አልተቆጣችም። ማጨጃውን እየገፋች ቤቷ ተመለሰች። የገበሬዎች መጽሔት የጀርባ ገጽ ላይ ያየችውን ማስታወቂያ ቀደደችና ስሟን ሞልታ ፖስታ ቤት ሰጠች። የትናንሽ ሞተሮች ጥገና በተልእኮ፤ ሠላሳ ስድስት ትምህርት።

በየሁለት ሳምንቱ ቡናማ ፖስታ ይመጣል። አንብባ፣ ፈትታ፣ ገጥማ ፈተናውን መልሳ ትልካለች። አይታው የማታውቀው መምህር በአረንጓዴ ቀለም ያርምላታል። ስትሳሳት ይሰርዛል። ስትመልስ ደግሞ ከሥሩ "ለምን?" ብሎ ይጽፍባታል። ለዚያች አንዲት ቃል ስትል ሌምፒ አንድ ሳምንት ሙሉ ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ስትፈታና ስትገጥም ትሰነብት ነበር። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ኩሽናዋ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፋ።

አገር ሳቀባት። "ፕሮፌሰሯ" አሏት። "ዛሬ ሾርባው ቤንዚን ቤንዚን ይላል" አሏት። እሷም "ታዲያ ክብሪት አጠገቡ አትጫሩ" እያለች ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ የኤይኖ ሞተሮች ተራ በተራ መነሣት ጀመሩ። መጀመሪያ ማጨጃው። ቀጥሎ የጎረቤት ውኃ መሳቢያ። ቀጥሎ የቄሱ የበረዶ መጥረጊያ። በመጨረሻ ኦስካር፣ ዌንዴል "ሐይቅ ውስጥ ጣለው" ያለውን የጀልባ ሞተር ታቅፎ መጣ። በሦስት ቀን አስነሣችለት።

አሁን ኦስካር የለም።

*

ሸሪፉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሌምፒን ቤቷ አገኛት። ዜናው ቀድሞት ደርሷል። ኩሽናዋ ውስጥ ቆማለች፤ እጇን ደጋግማ በሽርጧ ትጠርጋለች። ግድግዳው ላይ አርባ ያህል አሮጌ ካንዴላ፣ የሞተር እሳት መጫሪያ፣ የተቸነከረበት ጣውላ ተሰቅሏል። ከእያንዳንዱ ሥር በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አለ። ኖርማን ምን እንደሆነ አልገባውም፤ አልጠየቀምም።

"መቼ መለስሽለት?"

"ቅዳሜ እኩለ ቀን። ጀልባው ላይ ራሴ ነኝ የገጠምኩት።"

"የነዳጁን ጎማስ?"

"ገጥሜ፣ ጎትቼም አይቼዋለሁ። ሲገባ ጠቅ ይላል። ጠቅ ብሏል።"

"ሠራ?"

"በርሜል ውኃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ። ሦስት አይሞላም። ሐይቁ ላይ ዛሬ አብረን ልንሞክረው ነበር። 'ያለ አንቺ አልነካውም' ብሎኝ ነበር።"

"ታዲያ ትናንት ለምን ይዞት ወጣ?"

"መልሱን ነው ያጣሁት።" ከዚያ፣ "ሞተሩን ልየው፣ ኖርማን" አለች።

"አይሆንም። ማስረጃ ነው። ተጠርጣሪዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።"

"አውቃለሁ። ያጠፋሁት እኔ ከሆንኩ ግን ማወቅ ያለብኝ ከሁሉም በፊት እኔ ነኝ።"

ይኼን ስትል በሩ ተበረገደ። የኦስካር ሚስት ሲግኔ ናት። ካፖርቷን በፒጃማ ላይ ደርባ፣ ፀጉሯን ሳታስር መጥታለች። ሌምፒን ሰላም እንኳ አላለቻትም። ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን የትምህርት ጥራዞች አንሥታ ወለሉ ላይ በተነቻቸው።

"በዚህ ነው የገደልሽው" አለቻት። "በዚህ ወረቀት! ወጥ ቤትሽ አይበቃሽም ነበር?"

 ሲግኔ ስትወጣ ሌምፒ ጎንበስ ብላ ጥራዞቹን አንድ በአንድ ሰበሰበች። ኖርማን ሊያግዛት ተንበረከከ። እጇን አየ። ጣቶቿ በጥፍሯ ሥር የዘይት ጥቁረት ይዘዋል፤ መዳፏ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። 

*

ሰኞ ዐቃቤ ሕጉ ደወለ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ብሎ ክስ ለመክፈት ተሰናድቷል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም ሌምፒን "ነገሩ እስኪጠራ እቤትሽ ሁኚ" አላት።

በዚያው ቀን አንድ ነገር በሸሪፉ ጆሮ ገባ። የዌንዴል መኪና ቅዳሜ በኦስካር በር ላይ ቆማ ታይታለች።

ጋራዡ ሄዶ አገኘው።

"ቅዳሜ ሐይቁ ዘንድ ምን ትሠራ ነበር?"

"እኔ? ምንም።"

"መኪናህ ብቻዋን ሄደች?"

ዌንዴል እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጠረገ፣ ጠረገ።

"ዌንዴል፣ ሰው ሞቷል። ያቺን ሴት ትጠላታለህ። የነዳጅ ጎማ መንቀል የሚያውቅ ሰው ነህ።"

"በእናቴ አልነቀልኩም!" ፊቱ ቀላ። "ሞተሩን ላየው ነው የሄድኩት። በቃ፣ ይኸው። እኔ 'ሞቷል' ያልኩትን እንዴት አስነሣችው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ጀልባዋ ታስራ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አልነካሁትም።"

"ጎማውስ?"

ዌንዴል ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ጎማው ተገጥሞ ነበር ወይ?"

"ተገጥሞ ነበር" አለ በመጨረሻ፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው። "ጥሩ አድርጋ ነው የገጠመችው። እኔም ከዚያ የተሻለ አልገጥምም።"

"ይኼን ትናንት ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

"ከተማው በሙሉ ስሟን ጥላሸት ሲቀባ ቁጭ ብለህ ሰማህ። ኦስካርንስ አየኸው?"

"ከሩቅ። በጫካው የእግር መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ። ትከሻው ላይ እርጥብ ነገር ተሸክሟል። መረብ መሰለኝ፤ አረንጓዴ መረብ።"

ሸሪፉ ይኼን ጻፈው። በሁለት እህቶች ሐይቅ ላይ መረብ መጣል ክልክል ነው። ኦስካር ደግሞ መረብ አልነበረውም። ዌንዴል አልዋሸም ብሎ አመነ፤ ውሸታም ሰው ተቀናቃኙን አያመሰግንም። ግን ጎማው በሰባት ሰዓት ተኩል ተገጥሞ ነበር ማለት በአሥር ሰዓት አልወለቀም ማለት አይደለም። ይኼን ነገር የሚያውቅ አንድ አካል ብቻ ቀርቷል፤ እሱም መጋዘን ውስጥ የተቆለፈበት ሞተር ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሌምፒን አስጠራት።

*

የመጣችው በሥራ ሽርጧ ነው። መሣሪያዎቿን በብስኩት ቆርቆሮ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች።

"ወረቀት ያዝ" አለችው። "የምነካውን ሁሉ ጻፍ። ሰዓቱንም።"

ኖርማን በገዛ ቢሮው ሲታዘዝ የመጀመሪያው ነበር። ጻፈ።

ለረጅም ጊዜ ሞተሩን አልነካችውም። ዞረችው። አሸተተችው። ማስነሻ ገመዱን፣ መዘውሩን፣ ብሎኖቹን በዓይኗ ቆጠረች። ልጅ ትኩሳት አለው ብላ ግንባሩን እንደምትዳስስ እናት እጇን በሞተሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ካቻቢቴዋን አነሣች።

"ከካርቡሬተሩ ሥር ትንሽ ጽዋ አለች" አለችው። "ከጋኑ የመጣው ቤንዚን መጀመሪያ እዚህ ይጠራቀማል። ሞተሩ የሚጠጣው ከዚህች ነው።"

ብርጭቆ ከሥሩ ይዛ ብሎኑን ፈታች። ቤንዚኑ ወረደ። ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፤ የብርጭቆውን ሩብ ያህል ሞላ።

ሌምፒ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። 

"ምን?" አለ ኖርማን።

"ጎማው ሞተሩ እየሠራ ቢወልቅ ኖሮ ሞተሩ ወዲያው አይሞትም። ጽዋዋ ውስጥ የቀረችውን ልሶ፣ ጨርሶ ነው እያስነጠሰ የሚሞተው። ጽዋዋ መድረቅ ነበረባት።"

"ሙሉ ናት።"

"ሙሉ ናት። ጎማውን የነቀለው ሰው፣ የነቀለው ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነው።"

የሸሪፉ እርሳስ ቆመች።

ሌምፒ የካንዴላ መፍቻውን አስገባች። ሁለቱን ካንዴላዎች ፈትታ በነጩ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው። የውጪው ነጭ ሸክላ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አለ፤ "ቅዳሜ፣ ሌ.ካ."። የምትገጥመውን ዕቃ ሁሉ ስምና ቀን ትጽፍበታለች። አንደኛው ትምህርት ያዘዛት ነው።

"ጫፋቸውን እይ።"

"ንጹሕ ነው። ትንሽ ዘይት ነክቶታል።"

"ቤቴ ግድግዳ ላይ ያለውን ጣውላ አይተሃል? የካንዴላ ትምህርት ላይ ወድቄ ነበር። ማለፊያው ሰባ ነው፤ ስልሳ አንድ አገኘሁ። መምህሬ 'መጽሐፉን ተይው፣ ካንዴላ ሰብስቢ' ብሎ ጻፈልኝ። ከየሰዉ አርባ አንድ ለመንኩ፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ምን ዘይት እንደተደባለቀለት እየጠየቅሁ። ካንዴላ አይዋሽም። ሁለት ደቂቃ የሠራ እንዲህ ነው፤ ነጭ። ሰዓት የሠራ ቡና በወተት ይመስላል።" ወደ እሱ ዞረች። "ኖርማን፣ ይኼ ሞተር ከበርሜሌ ከወጣ በኋላ አልተነሣም። ኦስካር ወደ ሐይቁ በሞተር አልሄደም።"

"ቀዝፎ ቢሄድስ?"

"በየትኛው ትከሻው? ቀኝ እጁን ከጆሮው በላይ ማንሣት አይችልም ነበር። መቅዘፍ ቢችል ሞተሩን ታቅፎ እኔ ዘንድ ምን አመጣው?"

ሸሪፉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያቺን ሴት ለሃያ ሁለት ዓመት በመስኮት በኩል ሾርባ ስትቀዳ አይቷታል። አላያትም ነበር።

"ይኼን ለዳኛ ብናገር ይስቅብኛል" አላት።

"እንግዲያው አናውራ፤ እናሳየው" አለች።

*

በዚያው ቀን በኦስካር ጀልባ ሁለቱ ሐይቁ ላይ ወጡ። ሌምፒ ሞተሩንና ሁለት አዳዲስ ካንዴላዎችን ገጠመች። ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበች። ሁለተኛ ሳበች፣ ተነሣ። ድምፁ ወጥ ነበር፤ አያነክስም፣ አያጓራም። ኖርማን ሰዓቱን ያዘ። የበርች ዛፎቹ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ውኃው ላይ ተበትኗል። አንድ ሰዓት ሙሉ ደሴቲቱን ዞሩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሌምፒ ግን መሪውን ይዛ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ሸሪፉ ሌላ ሰው ጸሎት ላይ እንዲህ ሲሆን አይቷል።

"አሁን ንቀለው" አለችው።

ኖርማን የነዳጁን ጎማ ከሞተሩ ነቀለ። ሞተሩ ምንም እንዳልተነካ መሥራቱን ቀጠለ። አሥር ሰከንድ። ሠላሳ። ስልሳ ሲደርስ አስነጠሰ፤ ደገመ፤ ሞተ። ሐይቁ ጸጥ አለ።

እዚያው ጽዋዋን ፈታችለት። አንድ ጠብታ አልወረደም። ካንዴላዎቹን አወጣች። የሁለቱም ጫፍ ቡና በወተት ሆኗል።

ኖርማን ካንዴላዎቹን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታቸው።

"ሌምፒ፣ ሃልቮር ሞተሩ ሲሠራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማሁ ብሎኛል።"

"አውቃለሁ።"

"ሲያስነጥስም ሰማሁ ብሏል።"

"ያልተነሣ ሞተር አያስነጥስም" አለች ሌምፒ። ድምፏ ውስጥ ደስታ አልነበረም። ሃልቮር በኤይኖ ቀብር ላይ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

ጀልባዋን ሲያስሩ ኖርማን ከፊት ያለውን የብረት ቀለበት ልብ ብሎ አየው። ዝገቱ ውስጥ ቢጫ የናይለን ክር ተሰክቷል። ኦስካር ጀልባውን የሚያስረውም፣ እሑድ እሷን የጎተቷትም በነጭ ገመድ ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት ሃልቮር በራፉ ላይ ቡና ይጠጣል። ሸሪፉ ብቻውን መጣ። መኪናዋን ኦስካር ቤት አቁሞ በጫካው የእግር መንገድ ወደ ምሥራቅ መጣ፤ ኦስካር በሄደበት።

"ግባ፣ ቡና አለ" አለው ሃልቮር።

"እዚሁ ይሻለኛል። አንድ ነገር ድገምልኝ። ሞተሩን ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሰማኸው?"

"ከዘጠኝ አልኩህ።"

"እስከ አሥር?"

"እስከ አሥር።"

"ሳያቋርጥ?"

"ሳያቋርጥ። ከዚያ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?"

ኖርማን አራቱን ካንዴላዎች ከኪሱ አውጥቶ መቀመጫው ላይ ደረደራቸው። ሁለት ነጭ፣ ሁለት ቡናማ። ነገራቸው ምን እንደሆነ ሌምፒ እንዳስረዳችው አድርጎ፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር አስረዳው።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ነው የከረምከው፣ ሃልቮር። የኦስካር ሞተር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጊዜ አልተነሣም።"

ሃልቮር ሳቀ። "የወጥ ቤት ሠራተኛ ቃል አምነህ?"

"እኔ ራሴ ሰዓት ይዤ አይቻለሁ። የጀልባህ ገመድ ምን ዓይነት ነው?"

"ገመድ ነዋ።"

"ቢጫ ናይለን። ከዚህ ይታየኛል። ክሩ የኦስካር ጀልባ ቀለበት ላይ ቀርቷል። ጎትተህ ነው የወሰድካት። ኦስካር ደግሞ ቅዳሜ በእግሩ እዚህ ሲመጣ ታይቷል፤ አረንጓዴ መረብ ተሸክሞ። የማን መረብ ነው?"

ሃልቮር ሲኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።  ወደ ሐይቁ ዞረ።

"የእኔ ነው። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠኝ" አለ ቀስ ብሎ። "'ራስህ ሄደህ ለዓሣ ጥበቃው ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ' አለኝ። ኦስካር! አብረን ያደግን! ሠላሳ ዓመት እንግዳ መርቻለሁ። መረብ የጣሉ ሁለት ሰዎች ላይ ችሎት ቆሜ መስክሬያለሁ። ፈቃዴን እነጠቃለሁ፤ በአገሩ መንገድ ቀና ብዬ አልሄድም። 'ተወኝ' አልኩት። መረቡን ይዞ ሊሄድ ሲል ጎተትኩት። አልሰጥም አለ። ገፋሁት። የጀልባ መድረኩ እርጥብ ነበር፤ ግንባሩ ጀልባ ማሰሪያው ብረት ላይ አረፈ። ጠራሁት። አልመለሰልኝም። ሞቶ ነበር።"

"ከዚያ ውኃ ውስጥ ከተትከው።"

"ሞቶ ነበር አልኩህ!"

ኖርማን ባርኔጣውን ከራሱ አወረደ። ይኼን ከሚናገር ሥራውን ቢለቅ በወደደ።

"ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ሳንባውን ከፍቷል። ውኃ ሞልቶታል። ስትከተው ይተነፍስ ነበር፣ ሃልቮር።"

 ሃልቮር በገዛ በራፉ ወለል ላይ ቁጭ አለ።  ሸሪፉ አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀው። 

"ለምን ሌምፒን?" አለው በኋላ። "ጎማውን ለምን ነቀልክ?"

"የሚያምናት የለም ብዬ" አለ ሃልቮር። "ሁሉም ይስቅባት ነበር። ሁላችንም።"

*

ሃልቮር ቃሉን ቢሰጥም ፍርድ ቤቱ ሌምፒን ጠራት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሃልቮር ጠበቃ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ "እርስዎ በየትኛው ሙያ ነው የሚመሰክሩት?" አላት።

"የተልእኮ ተማሪ ነኝ" አለች ሌምፒ። "ሃያ ዘጠነኛው ትምህርት ላይ ነኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው መሳቅ ጀመረና ዋጠው። ጠበቃው አርባ ደቂቃ ያህል አፋጠጣት። ካርቡሬተር ጠየቃት፣ ዘይት ጠየቃት፣ የእሳት ብልጭታ ጠየቃት። አንዱንም አልሳተችም። የማታውቀውን አንድ ነገር ሲጠይቃት ደግሞ "እሱ ገና አልደረሰኝም፤ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ነው" አለች። ዌንዴል ከሁለተኛው ረድፍ፣ ለራሱም ሳይታወቀው፣ ጭንቅላቱን በአድናቆት ይነቀንቅ ነበር። ሲጨርሱ ዳኛው ካንዴላዎቹን አስጠግተው አዩና፣ "ገብቶኛል" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ርእሰ መምህሩ ሰኞ እንድትመለስ በራሱ እጅ ደብዳቤ አመጣላት። ከተማው ይቅርታ የሚጠየቅበትን መንገድ አያውቅም፤ ስለዚህ ሞተር ያመጣላት ጀመር። ጎጆዋ ዳግመኛ ሞላ።

ሐይቁ በረዶ ሊሠራ ሳምንታት ሲቀሩት ሸሪፉ ሞተሩን ለሲግኔ ሊመልስ ሄደ። ሌምፒ እንድትገጥመው አብራው መጣች። ሲግኔ ከቤት ወጥታ መድረኩ ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ እሑድ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ሌምፒ አጎንብሳ ሞተሩን ገጠመች። ጎማውን አስገባች፤ ጠቅ አለ። ተነሥታ ልትሄድ ስትል ሲግኔ ክንዷን ያዘቻት።

"በጋ ሲመጣ ስድስቱም ቤቶች ይሞላሉ" አለች ሲግኔ።  "እንግዶቹን ማን ያመላልሳል? ኦስካር አንድ ቀን እንኳ አስነክቶኝ አያውቅም። 'ተይው ይኼ ያንቺ አይደለም' ነበር የሚለኝ።"

"አውቃለሁ። እኔንም ብለውኛል።"

"እኔም ብዬሻለሁ" አለች ሲግኔ። እንባዋ ወረደ። አልጠረገችውም።

ሌምፒ ጀልባዋ ውስጥ ተመልሳ ገባችና እጇን ዘረጋችላት። "ነይ ግቢ። ቆመሽ አይሆንም፤ አንድ ጉልበትሽን መቀመጫው ላይ አድርጊ። ገመዱን ቶሎ አትሳቢው። መጀመሪያ እስኪከብድሽ ድረስ ቀስ አድርገሽ... እህ፣ አዎ። አሁን!"

ሲግኔ ሳበች። ምንም። ሳበች። ምንም። በአምስተኛው ገመዱ እጇን ፈልጦት "አይሆንልኝም!" አለች።

"ይሆንልሻል። ሳቢ።"

በሰባተኛው ተነሣ። ሲግኔ ደንግጣ መሪውን ስትጨብጠው ጀልባዋ እንደ በሬ ወደ ዳር ዞረች፤ ሸሪፉ ገመዱን ለቅቆ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ሊወድቁ ሲሉ መቀመጫው ላይ ዘፍ አሉ። ሲግኔ ታለቅስ ይሁን ትስቅ አልለየም።

"ወደዚያ ግፊው!" ትላለች ሌምፒ። "ወደ ተቃራኒው! መሄድ ወደምትፈልጊበት ሳይሆን ወደዚያ!"

ጀልባዋ ተስተካከለች። ኖርማን መድረኩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ሞተሩ ከደሴቲቱ ወዲያ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠ። አንዲት ጊዜ አላስነጠሰም።